ለማዕድን ሠራተኞች ስልጠና በጀት ለምታጸድቁ፦ የሰርተፊኬት ቁጥር አትጠይቁን

ይድረስ፦ የማዕድን ሠራተኞችን የደህንነትና የጤና ስልጠና ገንዘብ ለምትመድቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለጋሽ ድርጅቶችና የማዕድን ኩባንያ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ገንዘብ ጨምሩ ለማለት ብቻ አይደለም። ብትጨምሩ አልጠላም። ግን መጀመሪያ አሁን የምትመድቡት ገንዘብ ምን እየገዛ እንደሆነ እንነጋገር። የማዕድን ሠራተኞችን በማሰልጠን የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለዚህ የራሴም ጥቅም እዚህ ውስጥ አለበት፤ እሱን በልባችሁ ይዛችሁ አንብቡኝ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ክፍያችሁ «ስንት ሰው ሰለጠነ» በሚለው ላይ አይታሰር። «የሰለጠነው ሰው በእጁ ምን ማድረግ ቻለ» በሚለው ላይ ይታሰር።

የፕሮፖዛል ቅጾቻችሁን አውቃቸዋለሁ። ስንት ሰልጣኝ? ስንት ቀን? ከሰልጣኞቹ ስንቱ ሴቶች ናቸው? በአንድ ሰልጣኝ ወጪው ስንት ነው? ወጪው ዝቅ ባለ ቁጥር ፕሮፖዛሉ ነጥብ ያገኛል። ታዲያ እኛ አሰልጣኞች ምን እናደርጋለን? አዳራሽ እንከራያለን። ባነር እንሰቅላለን። አዳራሹ እስኪሞላ ሰው እናስገባለን። ፓወርፖይንት እናበራለን። ሰዉ ይፈርማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፊኬቱን ይቀበላል። ሪፖርቱ ያምራል። ቅጹ የጠየቀውን ሁሉ መልሰናል። ያ ሠራተኛ መብራት ጠፍቶ ጭስ ሲመጣ በየት በኩል እንደሚወጣ ያውቃል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም።

የማንም ክፋት አይደለም። የጠየቃችሁትን ነው የምታገኙት።

አንድ ምሳሌ ላንሳ፤ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። በ2006 መጀመሪያ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳጎ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ። መውጣት አቅቷቸው ውስጥ ከቀሩት 13 ሠራተኞች 12ቱ ሞቱ። ሠራተኞቹ የነፍስ አድን መተንፈሻ ይዘው ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ኦክስጅን የሚያመነጭ፣ ሠራተኛው ይዞት የሚዞር ትንሽ መሣሪያ ነው። በሕይወት የተረፈው ሰው በኋላ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ደብዳቤ ጻፈ። ቢያንስ አራቱ መሣሪያዎች አልሠሩም አለ። በእርግጥ ተበላሽተው ነበር ወይስ የተበላሹ መስለዋቸው ነው የሚለው ጉዳይ ብዙ አከራከረ።

እንዲህ ያለ ክርክር ከየት ይመጣል? መሣሪያው ሲሠራ ይሞቃል። የሚሰጠው አየር ትኩስና ደረቅ ነው። እንደ ልብ አይሳብም፤ ሳንባ ይታገላል። በስልጠና ላይ ባዶውን ሞዴል አፉ ላይ አድርጎ «ገባኝ» ያለ ሰው እውነተኛው ሲሞቅበትና ትንፋሽ ሲያጥረው ምን ያስባል? «ይሄ ነገር አይሠራም» ነው የሚለው። ያወልቀዋል። በዙሪያው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ አለ፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።

ከሳጎ በኋላ የአሜሪካ ደንብ ተቀየረ። ከመሬት በታች ባሉ የከሰል ማዕድናት የመውጫ ልምምድ በየሦስት ወሩ እንዲደረግ ተደነገገ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙቀቱንና የትንፋሹን ትግል በሚያስመስል መሣሪያ እንዲተነፍስ ግዴታ ሆነ። መልሱ ስላይድ መጨመር ብቻ አልነበረም። ሰውየው ሙቀቱን አንዴ ቀምሶት ስለሚያውቅ በክፉ ቀን አይደነግጥም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ልምምድ ውድ ነው። መሣሪያ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሰው በላይ አያስተናግድም። ጊዜም ይበላል። በአንድ ሰልጣኝ ሲሰላ ከአዳራሹ ጋር መወዳደር አይችልም። ስለዚህ በእናንተ ነጥብ አሰጣጥ ሁሌም ይሸነፋል።

ሌላው ሁሌ የሚሸነፈው የነፍስ አድን ስልጠና ነው። በ2001 አላባማ ውስጥ፣ ብሩክዉድ በተባለ ቦታ፣ በአንድ የከሰል ማዕድን መጀመሪያ ጣሪያ ተደረመሰ፤ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ፈነዳ፤ ሰዎች ተጎዱ። ጓደኞቻቸው ሊረዱ ወደ ውስጥ ሄዱ። ሁለተኛ፣ የባሰ ፍንዳታ መጣ። 13 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ለመርዳት የሄዱት ናቸው።

በትንንሽ የወርቅ ጉድጓዶችም ታሪኩ ያው ነው። አንዱ ይወርዳል፣ አየሩ ተበክሏል፣ ይወድቃል። ወንድሙ ይከተለዋል። ጓደኛው ይከተላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የተነሳ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ሰው ወዳጁ እየሞተ ቆሞ አያይም። በቃል «አትግቡ» ብለህ አታስቆመውም። ሊቆም የሚችለው ሌላ የሚያደርገው ነገር ካለው ነው። የሚወርደው ሰው ከመውረዱ በፊት ቀበቶና ገመድ ታጥቆ ከሆነ ከላይ ሆኖ ይስበዋል። ሞተሩን ከጉድጓዱ አፍ ርቆ ማስቀመጥን፣ ንጹሕ አየር በቱቦ ወደ ታች መንፋትን ከለመደ መጀመሪያውኑ ጓደኛው አይወድቅም። ይህን ለማስተማር ጉድጓድ፣ ገመድና የሚሳብ ሰው ያስፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ አይሆንም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ1995 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 176 በማዕድን ውስጥ ስላለ ደህንነትና ጤና ነው። አሠሪው በቂ ስልጠናና የማደሻ ስልጠና እንዲሰጥ፣ መመሪያውም ለሠራተኛው የሚገባው እንዲሆን ያዛል። ሠራተኛው ለዚህ ምንም ወጪ ማውጣት የለበትም። የአሜሪካው የ1977 የማዕድን ሕግ ደግሞ ነገሩን በሰዓት ቆጥሮ አስቀምጦታል። ለአዲስ የመሬት ውስጥ ሠራተኛ ቢያንስ 40 ሰዓት። ከመሬት በላይ ለሚሠራ አዲስ ሠራተኛ 24 ሰዓት። ከዚያ በየዓመቱ ቢያንስ 8 ሰዓት ማደሻ። ሁሉም በሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ እየተከፈለ።

ሰው ስለ 40ው ሰዓት ሲከራከር እሰማለሁ፤ በዛ አነሰ እያለ። እኔን የሚያስቀናኝ ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። የሌሊት ሺፍት ጨርሶ በእረፍቱ ቀን ለስልጠና የተጠራ ሰው ምን ይማራል? ይተኛል። አይፈረድበትም። በቁፋሮው ልክ የሚከፈለው ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም፤ ያን ቀን ካልቆፈረ ለቤቱ ይዞት የሚገባ የለም። ስለዚህ የጠፋው የሥራ ቀን ካሳ የስልጠናው ወጪ አካል ነው። ይህን መስመር ስጽፍ ብዙ ጊዜ «ተቀባይነት የሌለው ወጪ» ተብሎ ይሰረዛል። የኃላፊዎች ውሎ አበል ሲሰረዝ ግን አይቼ አላውቅም።

ገንዘቡ ለማን መሄድ እንዳለበትም እንነጋገር። ትልልቅ ኩባንያዎች የራሳቸው የደህንነት ክፍል አላቸው። ሕግ የጣለባቸውን ስልጠና በራሳቸው ኪስ ይስጡ። የሕዝብ ወይም የለጋሽ ገንዘብ ለእነሱ ሲሰጥ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ግዴታቸውን እየከፈላችሁላቸው ነው። አሜሪካኖቹ በብሩክዉድና በሳጎ አደጋዎች ስም ያቋቋሙት የስልጠና ድጋፍ ለአነስተኛ ማዕድናት ቅድሚያ ይሰጣል። ትክክል ነው። አምስት አሥር ሰው የሚያሠራ ድንጋይ ካባ ወይም ጉድጓድ አሰልጣኝ መቅጠር አይችልም። ቢችልም ለሁለት ቀን ሥራ ማቆም አይችልም።

ከዚያ ደግሞ ማንም በስም የማያውቃቸው አሉ። የኮንትራክተር ሠራተኛ አለ፤ ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ። አዲስ የሆነበት ቦታ ሁሉ አደገኛ ነው፤ የጣሪያውን ድምፅ አያውቅም፣ የገልባጭ መኪናዎቹን መንገድ አያውቅም። ኩባንያው «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ይላል፤ ኮንትራክተሩ «ኩባንያው ያሰልጥን» ይላል። በዓለም ላይ በባህላዊ መንገድና በአነስተኛ ደረጃ የሚቆፍሩት ደግሞ ከ40 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም። ፈቃድ የለውም ተብሎ ከስልጠና የተባረረ ሰው መቆፈሩን አይተውም፤ ሳይሰለጥን ይቆፍራል። ገንዘባችሁ «ሕጋዊ የሆኑትን ብቻ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለው አደጋው የሚበዛበትን ሰፈር ዘላችሁ እያለፋችሁ ነው። ፖሊሲው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ቢያንስ ስልጠናውን ከፈቃድ ቁጥጥሩ ለዩት፤ አሰልጣኝ መስሎ የሚመጣ ፖሊስ ካለ ማንም አይመጣም።

ስለ ጤናው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሁሌም የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ ሰዓት ላይ የሚጣል ርዕስ ነው። ናዳ ይታያል። ፍንዳታ ይሰማል። አቧራ ግን አያስፈራም። ድንጋይ ሲቦረቦር የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ጠባሳ ይሠራል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ መድኃኒት የለውም። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በኋላ ነው። ያኔ ሰውየው ሥራውን ለቋል፤ ኩባንያው ስሙን ረስቷል፤ የእናንተም ፕሮጀክት ተዘግቷል። ሲሊካ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል፤ እናም ሰውየው ቲቢ ያዘው ተብሎ ይታከማል፤ ከሥሩ ያለው አቧራ ሳይጠቀስ ያልፋል።

ሰልጣኞቼ ብዙ ጊዜ «አቧራ ሲበዛ ጨርቅ አፌ ላይ አስራለሁ» ይሉኛል። ችግሩ በዓይን የሚታየው አቧራ አይደለም፤ እሱ ቶሎ ይወርዳል፣ አፍንጫም ይይዘዋል። የሚገድለው የማይታየው ነው፤ ጨርቁን ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሲሊካ ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የመከረው በ1974 ነው። ይህ ቁጥር የማዕድን ደንብ ሆኖ የወጣው በ2024 ነው። ሃምሳ ዓመት! ከወጣም በኋላ ፍርድ ቤት ደርሷል። እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል የሚዘገይ ከሆነ ሠራተኛው ራሱን የሚጠብቅበትን ነገር ዛሬ ማወቅ አለበት።

እሱም በእጅ የሚሠራ ነው። ሲቦረቦር ውሃ ማፍሰስ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ መቆም። ጭምብል ሲደረግ ፊት ላይ በትክክል መግጠሙን መፈተሽ፤ ጺም ያለበት ፊት ላይ ጭምብሉ አይገጥምም፣ አቧራው በጎን ይገባል። የሥራ ልብስን ቤት ይዞ አለመግባት፤ ልጆች አሉ። ለዚህ ስልጠና አንድ የአቧራ መለኪያ ብትገዙልን ከመቶ ፖስተር ይሻላል። በደረቁ ሲቦረቦር ያለውን ቁጥርና ውሃ ሲጨመር ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ሰው ስብከት አያስፈልገውም። የሳንባ ምርመራም ከስልጠናው ጋር አብሮ ይታሰብ። ውጤቱ ግን ለሠራተኛው ይነገረው፤ ለአሠሪው ተልኮ መባረሪያው አይሁን።

በወርቅ በኩል ባዜቃ (ሜርኩሪ) አለ፤ ወርቁን ከአፈሩ ይዞ ለማውጣት ይጨመራል። ወርቁን ከባዜቃ ለመለየት በእሳት ሲቃጠል የሚወጣው እንፋሎት ነርቭ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ የባሰ ነው። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አገሮች ይህን አጠቃቀም እንዲቀንሱ፣ የሚቻል ከሆነም እንዲያስወግዱ ያስገድዳል። ስልጠናው ቀላል ነው፤ እንፋሎቱን ይዞ የሚያቀዘቅዝ ዝግ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት። ባዜቃውም ተመልሶ ስለሚገኝ ቆፋሪው ራሱ ያተርፋል። ቤት ውስጥ የሚያቃጥሉ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሚስቶችን ያልጠራ ስልጠና ግማሽ ነው።

አሁን ደግሞ ከራሴ ሥራ ጋር የሚጣላ ነገር ልናገር። ስልጠና የአየር ማናፈሻን አይተካም። የጣሪያ ድጋፍን አይተካም። የደህንነት ባለሙያዎች ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ። ካልሆነ በማሽንና በምህንድስና መከላከል። ስልጠናና ጭምብል ወደ ታች ናቸው። በ2010 በዌስት ቨርጂኒያ፣ አፐር ቢግ ብራንች በተባለ የከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 29 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ያገኙት የተከማቸ የከሰል አቧራ፣ ደካማ የአየር ዝውውርና የማይሠሩ የውሃ መርጫዎች ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ወሬ ይላክ ነበር። እዚያ የነበረውን ሠራተኛ የቱንም ያህል ብታሰለጥነው ምን ያደርጋል? በ2014 በቱርክ፣ ሶማ በተባለ ቦታ በከሰል ማዕድን 301 ሰው ሲሞት አብዛኞቹን የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ስልጠናው ማስተባበያ ሲሆን ነው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት የፊርማ ዝርዝሩ ነው። «ሰልጥኖ ነበር። እነሆ ፊርማው። ራሱ ነው ያጠፋው።» በእናንተ ገንዘብ የተገኘ ፊርማ በሟቹ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ይህን ለመከላከል ሁለት ነገር በውላችሁ ውስጥ አስገቡ። አንደኛ፣ የአየር ማናፈሻውና የጣሪያ ድጋፉ ሳይታይ ለዚያ ማዕድን የስልጠና ገንዘብ አይለቀቅ። ሁለተኛ፣ ፎርማኖችና ሱፐርቫይዘሮች ከሠራተኞቹ ቀድመው ይሰልጥኑ፤ ርዕሱም «ሠራተኛ አልገባም ሲል ምን ታደርጋለህ» የሚል ይሁን። ያው ስምምነት ቁጥር 176 ሠራተኛው ከባድ አደጋ አለ ብሎ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ካለው ከቦታው የመውጣት መብት ይሰጠዋል። ሠራተኛውን መብቱን አስተምረን አለቃውን ካላስተማርን ሰውየውን ለስንብት እያዘጋጀነው ነው።

ታዲያ በምን እንለካ ትሉኛላችሁ። ከስልጠናው ሦስት ወር በኋላ ሳትናገሩ ሂዱ። መተንፈሻውን አጥልቅ በሉት፤ ሰዓት ያዙ። ከምትሠራበት ቦታ ሁለት መውጫ አሳየኝ በሉት። አዲሱን ልጅ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ነባሩ ስልጠናውም ባይኖር ያውቀው ነበር። ሊደርሱ ሲሉ ለጥቂት የቀሩ አደጋዎች መዝገብ ካለ እዩት። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥሩ ስልጠና በተሰጠበት ቦታ የሪፖርቱ ቁጥር መጀመሪያ ይጨምራል። ሰው መናገር ጀመረ ማለት ነው። «አደጋው ባሰ» ብላችሁ ገንዘቡን እንዳትቆርጡ። ምንም ሪፖርት የማይመጣበትን ቦታ ነው መጠርጠር።

አሰልጣኙንም በተመለከተ፣ እኔን ከከተማ ከማምጣት እዚያው የሚሠራ፣ ጓደኞቹ የሚሰሙት ነባር ቆፋሪ ብታሰለጥኑ ይሻላል። ቋንቋቸውን ይናገራል። እኔ ስሄድ እሱ ይቀራል። ለእሱም ክፈሉት፤ በነፃ አስተምር የተባለ ሰው እስከ መቼ ይዘልቃል? ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ የጽሑፍ ፈተና መስጠትም ይቅር። አድርጎ ያሳይ።

የሚቀጥለውን የፕሮፖዛል ጥሪ ከማውጣታችሁ በፊት ስለ ቅጹ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። «በአንድ ሰልጣኝ ወጪ» የሚለውን ነጥብ መስጫ አውጡት። በምትኩ «ከሦስት ወር በኋላ ያለ እርዳታ የሚያደርገው» የሚል ቦታ አስገቡ፤ የገንዘቡም የመጨረሻ ክፍል በዚያ ፍተሻ ላይ ይታሰር። የጠፋ የሥራ ቀን ካሳን እንደ ወጪ ተቀበሉ። ለማደሻ ስልጠና የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት በጀት ዛሬውኑ ያዙ። የሰልጣኙ ቁጥር በእርግጥ ይቀንሳል። ለአለቆቻችሁ ይህን ማስረዳት ካስቸገራችሁ ጥሩኝና አብረን እናስረዳ። መተንፈሻውን ይዤ እመጣለሁ፤ አጥልቀው ይሞክሩት።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የማዕድን ደህንነት አሰልጣኝ